የወንበር ቀን

«እስቲ እግሩን ያዢልኝ» አላት አባቷ።

ልጅቷ የወንበሩን እግር ያዘች። ወንበሩ መስታወት በሚቆረጥበት ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጧል። አባቷ ካቻቪቴ ይዞ የላሉትን ብሎኖች ያጠብቃል። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ቁርስ ላይ «አላሰኘኝም» ብላ ተነስታለች፤ እውነቱ ግን ስለፈራች ነው።

«ሰኞ ደረጃ ስንወጣ ሲጢጥ ብትል ጉድ እሆናለሁ» አለ አባቷ ወንበሩን እየወዘወዘ። «የዶክተር ወንበር ሲጢጥ አይልም።»

«እሺ አባዬ።»

በዚህ ሳምንት አፏ ላይ የቀረላት ቃል «እሺ» ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ እንዴት እንደሚባል ጠፍቷታል።

ሰኞ የወንበር ቀን ነው። በሌላ ትምህርት ቤት አስረኛ ክፍልን ያለፈ ተማሪ ምርጫውን ጽፎ ይሰጣል ይባላል፤ እነሱ ዘንድ ግን ወንበር ይሸከማል። ነገሩ የተጀመረው ድሮ፣ ዕቃ የሚያጓጉዝ ሠራተኛ በጠፋበት ጊዜ ነው አሉ። ዳይሬክተሩ «እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይሂድ» አሉ፣ በቃ ልማድ ሆኖ ቀረ። የተፈጥሮ ሳይንስ የመረጠ ወንበሩን ይዞ ቤተ ሙከራው ወዳለበት ፎቅ ይወጣል። ማኅበራዊ ሳይንስ የመረጠ ከሕንፃው ጀርባ ወዳሉት ክፍሎች ይወርዳል። እያደር ወላጅም ተጨመረበት፤ ወንበሩ እንዲጠገን ቀደም ብሎ ቤት ይወሰዳል፤ አሁን ወንበሩን የሚሸከመው አባት ወይም እናት ነው፣ ልጁ ከጎን ይሄዳል፣ ግቢው ያጨበጭባል። ፎቅ የወጣ ለሕክምናና ለምሕንድስና ይዘጋጃል፤ ታች የወረደ ለሕግ፣ ለታሪክ፣ ለጋዜጠኝነት። አንዴ የተሻገረ ወንበር ደግሞ አይመለስም። ይኼን ዳይሬክተሩ በየዓመቱ በድምፅ ማጉያ ይናገሩታል፣ ያልሰማ ሰው ያለ ይመስል።

ልጅቷ የምትፈልገው ታች መውረድ ነው። አባቷ ደግሞ ፎቅ ሊያወጣት ብሎን እያጠበቀ ነው። ይኼን የሚያውቁት እሷና አንዲት ጓደኛዋ ብቻ ናቸው።

የመስኮት መስታወት ሊያስቆርጥ የመጣ ሰውዬ ገብቶ ልኩን የያዘበትን ሲባጎ ከኪሱ አወጣ። አባቷ ወንበሩን ገለል አድርጎ አንድ መስታወት ከመደርደሪያው አወረደ። ግን ዝም ብሎ መቁረጥ መቼ ይሆንለታል!

«ይቺን ልጅ ታያታለህ?» አለ። «ሰኞ ሳይንስ ትገባለች። ዶክተሬ፣ ከሰው አጥንት ትልቁ የቱ ነው?»

«የጭን አጥንት።»

«ትንሹስ?»

«ጆሮ ውስጥ ያለው።»

ሰውዬው «እሰይ! እደጊ!» አለ። የአባቷ ፈገግታ ጆሮው ድረስ ደረሰ። የሚያስገርም ነገር ግን የለውም። የማጥኛ ጠረጴዛዋን በመስታወት ሲያለብስላት ከሥሩ የሰውን አካል የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል አንጥፎበት ነበር። ስንት ዓመት በዚያ አጽም ላይ ደብተር ዘርግታ ስትጽፍ የኖረች ልጅ አጥንቱን እንደ ጎረቤት ብታውቀው ምን ይገርማል? ፊዚክስና ኬሚስትሪ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። እነሱን ያለፈችው ጓደኛዋ እየደጋገመች እያስረዳቻት፣ በላብና በእንባ ነው።

አባቷ የግራ መዳፉን ዘረጋ። ልጅቷ በልቧ «መጣ» አለች።

«ይኼ ጠባሳ ይታይሃል? ያኔ ሚጢጢ ነበረች። መስታወት ከእጄ አምልጦ መዳፌን ዘለዘለው። ቤት ውስጥ ከእሷ ሌላ ሰው የለም። ሻሿን ከአንገቷ ፈታ ጥፍር አድርጋ አሰረችኝ! አላለቀሰች፣ አልጮኸች! ሐኪም ቤት ስደርስ ‹ማን ነው ያሰረልህ?› ነው ያሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዶክተር ናት።»

እውነቱን ነው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ጠፍቷል። ባለ ዳቦ ቤቱ ዶክተር ይላታል። ጉንፋን የያዘው ጎረቤት ሁሉ «ምን ልዋጥ?» እያለ ይቀልድባታል። ስለዚያ ቀን ግን ለማንም ያልነገረችው ነገር አለ። ሻሹን ስታስር ዓይኗን ጨፍና ነበር። ደሙን ገና እንዳየች ጭልምልም ሲልባት ጨፈነችው፣ ከዚያ በዳበሳ አሰረች። ያልጮኸችውም ጀግና ሆና ሳይሆን ድምፅ አልወጣ ብሏት ነው። ይኼን ሁሉ ዓመት አባቷ ያን ታሪክ ባወራ ቁጥር ሌባ የሆነች ይመስላት ነበር።

«በይ ጠቅልይለት» አላት።

የተቆረጠውን መስታወት የሚጠቀልሉት በአሮጌ ጋዜጣ ነው። አባቷ ጋዜጣውን በኪሎ ይገዛዋል፤ ልጅቷ ማንበብ የለመደችውም በእሱ ነው። አሁንም አንዱን ገጽ ስትዘረጋ ዓይኗ ወሬው ላይ ወደቀ። የአንድ ከተማ ሰዎች ድልድይ ሠራሁ ብሎ ያልሠራ ሹም ከስሰዋል። ፍርድ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንዲት አሮጊት ሊመሰክሩ ብድግ አሉ፣ እና…

ገጹ ከዚያ ላይ ተቀዷል።

«ከዚያስ?» አለች ሳታስበው።

«ልጄ» አለ ሰውዬው፣ «ትጠቀልዪልኛለሽ ወይስ ታነቢልኛለሽ?»

አባቷ ከት ብሎ ሳቀ። «እሷና ከዚያስዋ! በዚህ ቤት መስታወት የሚዘገየው በሌላ እንዳይመስልህ።» ሰውዬው መስታወቱን ይዞ ከወጣ በኋላ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማንበቡን አንብቢ ዶክተሬ፤ መተዳደሪያ ግን አይሆንም» አላት።

«አባዬ…»

«ወይ?»

የተረፉትን ጋዜጦች አስተካክላ ደረደረች።

«ምንም» አለች።

ማታ ከመሆኑ በፊት ወደ ቀጮ ቤት ሄደች። ቀጮ ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው፤ ፊዚክሱን የምታስረዳት ጓደኛዋ እሷ ናት። በረንዳቸው ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«እና እስካሁን አልነገርሻቸውም?» አለች ቀጮ ብስኩት እያኘከች። «በናትሽ ምን ነክቶሻል? ሰኞ እኮ ከነገ ወዲያ ነው!»

«እንዴት ብዬ?»

«‹አልፈልግም› በያቸዋ። ምን ሊያደርጉሽ? አባትሽ እንደሆነ ዝንብ እንኳ ተቆጥተው አያውቁም።»

«እሱ እኮ ነው የሚያስፈራኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እሱ አይቆጣም፤ ዝም ብሎ ፊቱ ይጠፋል። አንዴ ትልቅ መስታወት ሲሰበርበት አይቼዋለሁ። ቀኑን ሙሉ አልተናገረም።»

ቀጮ ትንሽ አሰበች። «ወይ በቃ ከኔ ጋር ነይ። ፈታ በይ። ፊዚክሱን እንደተለመደው አስረዳሻለሁ።»

«ዩኒቨርሲቲ መግቢያው ፈተና ላይስ? ዩኒቨርሲቲ ውስጥስ? በሽተኛው አጠገብስ ቆመሽ ታስረጂኛለሽ?»

ቀጮ ብስኩቱን ኪሷ ከተተችው። «እኔም ብቻዬን መውጣት ፈርቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አጠገቤ ካንቺ ሌላ ሰው ተቀምጦ አያውቅም። ግን ለኔ ብለሽ እንዳትወጪ። ኋላ ትጠይኛለሽ።»

ልጅቷ ከቀጮ ይኼን አልጠበቀችም። ትለምነኛለች ብላ ነበር። ብትለምናት ደግሞ እሺ ትላት ነበር፤ ይኼን ስታስብ የባሰ ፈራች።

በማግስቱ እሑድ እናቷ ተረኛ ነበረች። እናቷ የምትሠራው ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። ልጅቷ ምሳዋን በሳህን ይዛላት ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ማሽኖቹ ይንጫጫሉ። እንፋሎቱ መስኮቱን አልብሶታል። የበረኪናው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። እናቷ የፕላስቲክ ሽርጧን አገልድማ በአንደኛው ጥግ ነጭ ኮት ትተኩሳለች።

«ነይ እይው» አለቻት ኮቱን ከፍ አድርጋ። «የቀዶ ሐኪሙ ነው። ኮሪደር ላይ ሲያልፍ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅለታል። እኔን አንድ ሰው ዞር ብሎ አያየኝም። አንድ ቀን ያንቺን እተኩሳለሁ፣ ያን ቀን እኔም ኮሪደሩ መሀል ነው የምሄደው።»

እናቷ ይኼን ያለችው እየሳቀች ነው። ልጅቷ «እማዬ፣ እኔ እኮ…» ልትል አፏን ስትከፍት በሩ ተበርግዶ አንድ ጋሪ ገባ።

«ከቀዶ ክፍል ነው! ቶሎ ይፈለጋል!» አለ ጋሪውን የገፋው ሠራተኛ።

እናቷ ጓንቷን አጥልቃ ከላይ ያለውን አንሶላ ሳበች። ሲዘረጋ ቀዩ ታየ። ከዳር እስከ ዳር፣ ገና ያልደረቀ። ልጅቷ ዓይኗን ልትጨፍን ሞከረች፣ ዘገየች። ጆሮዋ ጭው አለ፣ እግሯ ቄጠማ ሆነ፤ ቀጥሎ የምታስታውሰው የታጠበ ልብስ ክምር ላይ ተጋድማ እናቷ ስኳር የበዛበት ውኃ አፏ ውስጥ ስትጨምርላት ነው።

«ምግብ እምቢ ስትዪ ከርመሽ!» አለቻት እናቷ ደንግጣ። ከዚያ አንሶላውን ዞር ብላ አየችው፣ ልጇንም አየቻት። «ወይስ ደሙን አይተሽ ነው?»

ልጅቷ ዓይኗን ከአንሶላው አሸሸች።

«አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ ይለመዳል። ቀዶ ሐኪሙ ራሱ ተማሪ እያለ ደም አይቶ ወድቆ የፊት ጥርሱ ተሰብሯል። በራሱ አፍ ነው የነገረኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጥርሱን አስተክሎ ተመለሰ።»

«ለምን ተመለሰ? ማንም አላስገደደውም? እናቱ ምን አሉት? ለምን ላንቺ ነገረሽ?»

«ኧረ ነፍስሽን እወቂ መጀመሪያ!» አለች እናቷ፣ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች። «ለአባትሽ አልነግረውም። ሰኞ ከመድረሱ በፊት አናስደነግጠው።»

ልጅቷ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። እስካሁን ደሙ መደበቂያዋ ነበር። ሲጨንቃት «ደም እፈራለሁ» ብትል የሚያልፍላት ይመስላት ነበር፤ አሁን እሱም «ይለመዳል» ተባለ። እና እውነትም ይለመድ ይሆናል። ታዲያ ታች ልውረድ የምትለው ፈሪ ስለሆነች ነው? የመንገዱ ዳር ላይ ቆመች። ነገ ጠዋት ስነሳ ደም የማያስፈራኝ ሰው ብሆንስ ብላ ራሷን ጠየቀች። ያኔስ ፎቅ መውጣት እፈልጋለሁ?

አልፈልግም።

መልሱ ፈጥኖ ነው የመጣው። ከአንሶላው ይልቅ ይኼ አስደነገጣት፤ አሁን የሚቀራት ሰበብ የለም። ያለው እውነቱ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ አንድ ሰው መናገር አለበት።

ሰኞ ጠዋት አባቷ ለሠርግ ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለበሰ። ወንበሩ ትከሻውን እንዳይቆረቁረው ከሥሩ ጨርቅ አጥፎ አደረገ። እናቷ ለሥራ ስትወጣ ጉንጯን ስማ «ከፎቅ ሆነሽ አስቢኝ» ብላታለች። መንገድ ላይ ባለ ዳቦ ቤቱ «ዶክተር! ደረሰ አይደል?» ብሎ ጮኸ፣ አባቷም «ደረሰ!» አለው። ልጅቷ ከኋላው ትከተላለች። ወንበሩ ፊት ፊቷ ከፍ ዝቅ ይላል። አሁን እነግረዋለሁ፣ ያቺ ግንብ ጋ ስንደርስ፣ አይ ያ ሱቅ ጋ፣ እያለች የትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረሱ።

ግቢው በሰውና በወንበር ተሞልቷል። ዳይሬክተሩ በድምፅ ማጉያቸው «የተሻገረ ወንበር አይመለስም!» ይላሉ። ቀጮ ከአጎቷ ጋር ደረጃውን እየወጣች ነው። መሀል ላይ ዞር ብላ በዓይኗ ጓደኛዋን ፈለገቻት፣ አገኘቻት፣ ምንም ምልክት ሳትሰጥ ቀጠለች። ሕዝቡ አጨበጨበ።

አባቷ ሰልፉ ውስጥ ገባ። ከፊታቸው አንዲት እናት አለች፣ ከዚያ ማንም የለም። ልጅቷ ላብ አጠመቃት። አባቷ የመጀመሪያውን ደረጃ ወጣ። ሁለተኛውን ወጣ። እሷ እግሯ መሬት ላይ ቀረ።

«አባዬ።»

በጭብጨባው መሀል አልሰማትም።

«አባዬ! አውርደው!»

ከአፏ የወጣው ጩኸት ነበር። በአቅራቢያው ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አባቷ ወንበሩን ከትከሻው አውርዶ ደረጃው ላይ አሳረፈው።

«ምን ሆንሽ? አመመሽ እንዴ?»

ወይ መቅለሉ! «አመመኝ» ብትል ወደ ቤት ይወስዳታል። ዛሬን ታልፋለች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ግን ነገም ወንበሩ አለ፣ ነገም አባቷ ይሸከመዋል።

«ያኔ…» አለች። «ያኔ እጅህ የተቆረጠ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

«እ?»

«ሳስርህ። ምንም አላየሁም። ደም ማየት አልችልም አባዬ፣ ትናንትም እማዬ ጋ ወድቄያለሁ። ግን እሱ አይደለም፤ እሱ ይለመዳል። ቢለመድም አልፈልግም። የምፈልገው ታች ነው።»

ፊቱ ጠፋ። ልክ እንደፈራችው፣ ያ ቀኑን ሙሉ የማይናገረው ሰውዬ ሆነ። መዳፉን ገልብጦ ጠባሳውን አየው። ከኋላቸው አንዱ «አባት፣ ወይ ውጡ ወይ ውረዱ እንጂ!» አለ። አባቷ የሰማም አይመስል። ልጅቷ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት።

«ጨፍነሽ ነው ያን ያህል ያጠበቅሽው?» አለ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ እኮ።» ድምፁ ተሰብሯል። «ያልነገርኩት ሰው የለም።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የፈራሁት።»

አባቷ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ጎንበስ አለ፣ እሷ ብቻ እንድትሰማው። «ታች ገብተሽ ሥራ ብታጪስ?»

«እሱን እኔም እፈራለሁ።»

«እኔም እፈራለሁ» አለ። «ፎቅ ፎቅ የምለው ለምን ይመስልሻል?»

አባቷ እንደሚፈራ አታውቅም ነበር። መስታወት በባዶ እጁ የሚያነሳ ሰው ነው። አሁን ግን ግንባሩ ላይ ላብ አየች፤ እንደ እሷው ላብ አጥምቆታል።

«እሺ፣ ታች ገባሽ እንበል» አለ። «ከዚያስ?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። እየቀለደ አልነበረም። መልሱን ይጠብቃል።

«አላውቅም» አለች። «ማወቅ ነው የምፈልገው።»

አባቷ «እሺ»ም «እምቢ»ም አላለም። ልጅቷ እጇን ዘርግታ የወንበሩን ሁለት እግሮች ያዘች። እሱ መደገፊያውን አለቀቀም። ለትንሽ ጊዜ እንዲሁ፣ እሱ ከላይ እሷ ከታች፣ ቆሙ። ከዚያ ክብደቱ ወደ እሷ ሲመጣ ተሰማት፤ አባቷ አንድ ደረጃ ወደ ታች ወርዷል።

«ለእናትሽ የምትነግሪው ራስሽ ነሽ» አላት።

ነጩ ኮት ትዝ አላት። «እሺ» አለች። በዚህ ሳምንት ካለቻቸው «እሺ»ዎች ሁሉ የከበዳት ይኼኛው ነው፤ የእውነትም እሱ ብቻ ነው።

ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ማጨብጨብ ይኑርባቸው አይኑርባቸው ስላላወቁ ማንም አላጨበጨበም። አባትና ልጅ ወንበሩን መሀላቸው አድርገው የሕንፃውን ጥግ ዞሩ፤ ወደ ጀርባ ክፍሎቹ የሚያወርደው መንገድ እዚያ ይጀምራል።

«ቀስ በይ» አለ አባቷ፣ «እዚህም ደረጃ አለ።»

ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱ። ወንበሩ ሲጢጥ አላለም።